የሊዮታ አምስተኛ ጥይት

ባለቤቴ ሊዮታ በከተማችን በሃኪንስ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ምግብ አብስላለች። ዛሬ ከንቲባ የሆነው ሰውዬ፣ የእሳት አደጋው አለቃ፣ የእህል ጎተራው ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉም ቺሊ የሚባለውን የእሷን የሥጋና የባቄላ ወጥ በልተው፣ የቀረፋ ዳቦዋን እያጠቀሱ ነው ያደጉት። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት ጥፋት እንደተገኘበት ተማሪ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም። ስትስቅ ግን ጎረቤት መስኮት ከፍቶ "ምን ተገኘ?" ይላል። አርባ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያን ሳቅ አልጠገብኩትም። እንግዲህ ሳወራ ካዳላሁ ከወዲሁ ይቅር በሉኝ፤ ባትሉኝም ግድ የለኝም።

የማወራው ግን ስለ ምግቧ አይደለም። ስለ ተኩሷ ነው።

ከከተማችን በስተ ሰሜን፣ ሣር የለበሱት የአሸዋ ኮረብቶች በሚጀምሩበት፣ የተኩስ ክበባችን ሜዳ አለ። በሜዳው ጫፍ አንድ አሮጌ የማረሻ ዲስክ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ከመተኮሻው እስከ እሱ አምስት መቶ ያርድ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ስፋቱ ከሻይ ትሪ አይበልጥም። በትልቅ ጠመንጃ ያን መምታት ወሬም አይደለም። የእኛ ጨዋታ በትንሿ ነው፤ ልጆች ቆርቆሮ በሚመቱባት በሃያ ሁለት ካሊበሯ፣ የጥይቷ እርሳስ ባቄላ በምታክለው። ይህቺ እርሳስ ከአፈሙዝ ወጥታ ዲስኩ ጋ እስክትደርስ፣ ድምፁም ተመልሶ ጆሯችን እስኪገባ፣ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ሦስት ሰከንድ አጭር የሚመስለው ሆዱ በመሬት ተኝቶ ያልጠበቀ ሰው ብቻ ነው።

አምስት ተኩሶ አምስቱንም ያስጮኸ ሰው በክበቡ ቤት ግድግዳ ላይ ባለው የጥድ ሳንቃ ላይ ስሙን በጋለ ብረት በገዛ እጁ ይጽፋል። በአርባ ዓመት ውስጥ ስድስት ስሞች ተጽፈዋል። አንደኛው የሊዮታ ወንድም የደልመር ነው፤ ደግሞ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ደልመር ራሱ ይነግረዋል። ሊዮታ አሥራ አንድ ዓመት ሞከረች። በዘጠኙ አራት መታች፤ በሁለቱ ሦስት።

የሚያናድደው ነገር በሐምሌ ሙቀት እሷና እኔ ብቻችንን ሄደን ስንተኩስ አምስት ከአምስት ትመታለች። ደጋግማ፣ እየሳቀች፣ ዲስኩ እስኪሰለቸው ድረስ። ውድድሩ ሲደርስ ግን አንዷ ትጠፋለች። አንዳንድ ዓመት ሁለተኛዋ ናት፣ አንዳንድ ዓመት የመጨረሻዋ። ውድድራችን ደግሞ በዓመት አንዴ ነው። ሸለቋችን የሚያበቅለው ስኳር የሚወጣበትን ሥር ነው፤ የመጨረሻው የጭነት መኪና ፋብሪካ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንተኩሳለን። ከዚያ በፊት ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ ሰው የለም። በዚያ ቅዳሜ አፈሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ ነጭ ነው፣ መላው ሃኪንስ ደግሞ ካፖርቱን ደራርቦ ከተኳሹ ጀርባ ቆሟል።

"ጣትሽ ሰው ይፈራል" ይላታል ደልመር በየዓመቱ። "ብቻሽን ስትሆኚ ጀግና ነሽ። ሰው ሲያይሽ ጣትሽ ይሽኮረመማል።"

ሁሉም ይስቃል። እሷም ትስቃለች። በአሥራ አንደኛው ዓመት ግን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አልሳቀችም፤ ሊዮታ ሳትስቅ ስትቀር ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው።

"ሃርላን" አለችኝ በመጨረሻ። "አንተም ጣትሽ ሰው ይፈራል ነው የምትለው?"

"የዛሬው ነፋስ ተንኮለኛ ነበር" አልኩ።

"ስለ ነፋስ አልጠየቅኩህም።"

ዐይኔን ከመንገዱ ላይ አላነሣሁም። አሥራ አንድ ዓመት ከጎኗ ተኝቼ በሩቅ ማያ መነጽር ነፋስ እያነበብኩ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር ማን ይመስክርላት? እውነቱን ለመናገር ግን እኔም እንደ ደልመር ነበር የማስበው።

በመጋቢት አንድ ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይወጣ፣ "አንተ ተኛ" ብላኝ ጠመንጃዋን ይዛ ወጣች። ቁርሴን ጋግሬ፣ ቂጣዬ ላይ ማሩን አፍስሼ ልበላ ስል በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ካፖርቷ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ክንዷ ውስጥ በር የሚያክል ጥቅል ወረቀት ይዛለች። የትምህርት ቤቱ ዳቦ ይጋገርበት የነበረው ወረቀት ነው፤ ጡረታ ስትወጣ አንድ ሙሉ ጥቅል ሰጥተዋታል። ዘረጋችው፤ ቂጣዬ ላይ፣ ማሩ ላይ።

"ቁጠር!" አለችኝ።

"ሊዮታ፣ ቁርሴ..."

"ቁርስህን ተወውና ቁጠር!"

አምስት መቶ ያርድ ላይ ወረቀቱን በእንጨት ላይ ወጥራ ሃያ ጥይት ተኩሳበታለች። አሥራ ስድስቱ ቀዳዳ ክብ ነው፤ ተቀራርበው የተቀመጡ። አራቱ ግን ከሌሎቹ ራቅ ራቅ ብለዋል፤ ቅርጻቸውም ክብ አይደለም፣ ወደ ጎን የተሳበ የአጃ ፍሬ ነው የሚመስለው። እርሳሷ ወረቀቱን በአፍንጫዋ ሳይሆን ገደድ ብላ ነው የወጋችው።

"አሁን ንገረኝ፤ ሜዳው ላይ ማን ነበር?" አለችኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"እኔ በምን ዐውቃለሁ?"

"ማንም! አንዲት የዱር ዶሮ ነበረች፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ጣቴ ማንን ፈርቶ ነው ታዲያ?" አለችና ከት ብላ ሳቀች። እጄን ይዛ ከወንበሬ አስነሥታ ኩሽናው ውስጥ አሽከረከረችኝ። ጉልበቴ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ጉልበት መሆኑን ረስታው ነበር፤ እኔም ረሳሁት።

ከዚያ መወልወያውን ዘንግ አመጣን። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ቀላል ነው። አፈሙዝ ውስጡ ልሙጥ ቧንቧ አይደለም፤ ከኋላ እስከ ፊት እየተጠመዘዘ የሚሄድ ቦይ ተቀርጾበታል። እርሳሷ በዚያ ቦይ ስትገፋ እንደ እንዝርት እየሾረች ትወጣለች። መሾሯ ነው ቀጥ አድርጎ የሚያስኬዳት። ታዲያ ቦዩ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ስንት ኢንች ይሄዳል? የጥምዙ ልክ የሚባለው እሱ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥምዙ ይጠብቃል፣ እርሳሷም የበለጠ ትሾራለች። የሚለካውም በቀላሉ ነው፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልለህ ስትገፋው ቦዩን ተከትሎ ይዞራል። ሊዮታ ዘንጉ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረገች። ነጥቡ ዞሮ ወደ ላይ እስኪመለስ እኔ ገፋሁ፣ እሷ ለካች። አሥራ ስድስት ኢንች። የማንም ሃያ ሁለት ካሊበር አሥራ ስድስት ነው፤ በአያቶቻችን ጊዜም አሥራ ስድስት ነበር።

"በሐምሌ አየሩ ስስ ነው፤ አሥራ ስድስት ይበቃታል" አለች። "በብርድ አየሩ ይወፍራል። ጤነኞቹ እንደምንም ይወጡታል። ከፋብሪካ ትንሽ ተዛብታ የወጣችው ግን አቅም አጥታ ትንገዳገዳለች። ከአምስት አንዷ፣ ሃርላን! እኔ አይደለሁም!"

"አይደለሽም" አልኩ። ፊቷ እንዲያ በርቶ ሌላ ምን ልበል? በሆዴ ግን ሰው ምክንያት ሲፈልግ ወረቀት ላይም ያገኛል እያልኩ ነበር። ክፉ ሆኜ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ያመንከው ነገር በአንድ ቁርስ አይነቀልም።

ደልመር የጠመንጃ ሠሪ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ አንድ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ አንድ ምድጃ፣ ደረቱ የሚደርስ ጺምና ማለቂያ የሌለው አስተያየት አለው። ወረቀቱን ይዘንለት ስንሄድ አንዴ ገልመጥ አድርጎ አየውና ወደ ቶርኖው ዞረ።

"ነፋስ ነው" አለ።

"ነፋስ ቀዳዳ ይስባል?" አለችው።

"እህትዬ፣ አባታችን አሥራ ስድስት። አያታችን አሥራ ስድስት። እኔ ሳንቃው ላይ ስሜን የጻፍኩት በአሥራ ስድስት። አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?"

"ከኩሽና። አንተ ስምህን በጻፍክበት ዓመት ደግሞ በሸሚዝ ነበር የተኮስነው። ላብህን በባርኔጣህ ስትጠርግ ፎቶ አለኝ።"

ደልመር ጺሙን አከከ። "እሺ፣ ካበድሽ አይቀር ለምን ዘጠኝ አታደርጊውም?" አለ። "ዛሬ ወጣቶቹ ሁሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ይላሉ። ትሹርልሽ እንጂ! እየተሽከረከረች ጎረቤት ግዛት ኮሎራዶ ትግባ!"

ሊዮታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጋቢትን በሙሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ስታስብ እንደቆየች አውቃለሁ፤ ምሳ እየበላን ዘጠኝ፣ ሳህን እያጠበች አሥራ አራት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስብከት መሐል በሹክሹክታ አሥራ ሁለት ትለኝ ነበር።

"ብርድ በሆነ ጠዋት ሊጡ ላይ እርሾ ጨመር አደርጋለሁ" አለች። "ያለዚያ አይነሣም። ግን ፈርቼ አብዝቼ ከጨመርኩ ዳቦው ውስጡ ባዶ ይሆናል። ይህም ያው ነው። ከሚገባት በላይ ካሾርካት፣ ያቺን ትንሽ ጉድለቷን ሁሉ ጎትተህ ታወጣታለህ፤ ቅርብም ቢሆን ትበተናለች። ዘጠኝ ለእኔ እርሳስ በዝቶባታል። አሥራ ስድስት አንሷታል። አሥራ ሁለት ነው የምፈልገው።"

"እርሾ!" አለ ደልመር። ወደ እኔ ዞረ። "ሃርላን፣ ሚስትህ እርሳስ ልትጋግር ነው!"

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ አፌ ቀድሞኝ ነው።

ደልመር ይህን ጊዜ ልቡ አበጠ። "እንወራረድ" አለ። "አሥራ ሁለቱን ራሴ እገጥምልሻለሁ፤ ሥራዬን አላበላሽም። አምስት ከመታሽ ያንን የኩሽና የፀጉር መረብሽን ለፀጉሬም ለጺሜም አጥልቄ፣ በዚያው ማታ በውድድሩ እራት ላይ ለመላው ክበብ ቺሊ አድላለሁ።"

"ካልመታሁስ?"

"ካልመታሽ ቆመሽ 'ጣቴ ሰው ይፈራል' ትያለሽ። ሁሉም በተሰበሰበበት።"

የሊዮታ ፈገግታ ጠፋ። ትንሽ ብቻ፤ እኔ ግን አየሁት። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ጨብጠኝ" አለችው።

አፈሙዙ የመጣው በሰኔ መጨረሻ ነው። ደልመር፣ ምንም ቢሆን፣ እጁ ወርቅ ነው፤ ቶርኖው ላይ ሁለት ቀን ጎንበስ ብሎ ፀጉር የማያስገባ አድርጎ ገጠመው። ከዚያ ሁላችንም እንደምናደርገው ሃምሳ ያርድ ላይ ሞከርነው። በእኛ አገር አፈሙዝ የሚመዘነው በሃምሳ ያርድ ነው፤ በየሠሪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ሁሉ የሃምሳ ያርድ ነው። ሊዮታ ሩቅ ለመተኮስ የገዛችውን ነገር ቅርብ ላይ መፈተን ሞኝነት መሆኑ ለአንዳችንም አልታየንም።

አሮጌው አምስቱን ጥይት በሸሚዝ ቁልፍ ሥር ይደብቅ ነበር። አዲሱ ግን የአምስቱን ቀዳዳ ለመሸፈን የጣሳ ክዳን ፈለገ።

ደልመር ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየውና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ነፍስ ይማር" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ለሳምንት ያህል ዳቦ ቤት ውስጥ ለተገኘ ሰው ሁሉ ሲያሳይ ከረመ።

በዚያ ምሽት፣ ገና ሳይጨልም፣ ሊዮታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቲማቲሞቿን ስታይ አገኘኋት።

"አሮጌው እያለ 'ምናልባት አፈሙዙ ይሆናል' እያልኩ እጽናና ነበር" አለችኝ። "በዚህ ከሳትኩ ሌላ የማመካኝበት የለኝም፣ ሃርላን። የምቀረው እኔ ነኝ። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ፈሪ መሆኔን አሁን ማወቅ አልፈልግም።"

አንጀቴን በላችው። ታዲያ ምን አልኳት? "አሮጌውን እናስመልሰው?" አልኳት። ቸርነት መስሎኝ!

ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ቤት ገባች። በማግስቱ ስነሣ አሮጌው አፈሙዝ አትክልቱ መሐል ተተክሎ፣ አንድ የቲማቲም ተክል በጨርቅ ቁራጭ ታስሮበታል። ደልመር ሊጎበኘን መጥቶ ያን ሲያይ ጮኸ። እውነቴን ነው፤ እንደ ሴት ዶሮ ጮኸ። "የዓለም ምርጥ አሥራ ስድስት! ቲማቲም!"

"ጥሩ ድጋፍ ነው" አለችው ሊዮታ። "ቀጥ ያለ ነው፤ አንተው ነህ የሠራኸው።" ከውርርዱ ወደ ኋላ እንደማትመለስ የነገረችን እንዲህ አድርጋ ነው።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ አልለቅ አለ። የስኳሩ ሥር ሁሉ በአቧራ ውስጥ ተነቀለ። አዲሱ አፈሙዝ በሙቀቱ አምስት መቶ ላይ መታ፤ አሮጌውም በሙቀት ይመታ ስለነበር ይህ ለማንም ማስረጃ አልሆነም። ሊዮታ በየጠዋቱ መስኮት ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ እያየች ትራገም ነበር። ውርጭ የወረደው በውድድሩ ዋዜማ ዐርብ ዕለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት የውሻችን ውኃ በረዶ ሆኖ አገኘሁት። ሊዮታ በረዶውን በጫማዋ ተረከዝ ሰበረችና "ተመስገን" አለች።

የክበባችን ሊቀ መንበር ጊልበርት ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጆሮ የሚሸፍን ቀይ ቆብ አድርገው፣ የተኳሾቹን ስም ከወረቀት ያነባሉ፤ ወረቀቱ ባይኖርም ሁሉንም ያውቁታል። ከሊዮታ በፊት አሥራ አራት ሰው ተኮሰ። ደልመር ሦስት መታ፤ ጥይቱን ሰደበ። ከሁሉም የበለጠው አራት ነበር።

"ሊዮታ!" አሉ ጊልበርት። "ነይ ልጄ፣ ሳትቀዘቅዢ።"

ምንጣፏን ዘርግታ በሆዷ ተኛች። እኔ ከጎኗ ተኝቼ ዐይኔን መነጽሩ ላይ አደረግኩ። ሣሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እኛ ቤት ነፋስ የሚለካው በትሪ ነው፤ ዲስኩን በትሪ ስለምናስበው።

"ሁለት ትሪ ወደ ግራ" አልኳት።

ተኮሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጥንንን! ከኋላችን አንድ ሰው አጨበጨበ።

"እዚያው።" ጥንንን።

ሦስተኛዋ ስትመታ ዲስኩ ተወዛወዘ፤ እስኪረጋ ጠበቀች። ነፋሱ ትንሽ ጨመረ፣ ሁለት ትሪ ተኩል አልኳት፤ አራተኛዋም ጮኸች። ከዚያ ጊልበርት ቆባቸውን አወለቁ፤ አምስተኛዋ ስትደርስ ሁልጊዜ ያወልቁታል፣ ያን ሁሉ ብርድ በራ ራሳቸው ላይ።

"ነፋሱስ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ሣሩን አየሁ። ረጋ ብሏል። "ሁለት" አልኩ።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አየር ስባ ግማሹን ስታስወጣ ሰማሁ። የጠመንጃዋን ድምፅ ሰማሁ። ዐይኔን ግን ጨፈንኩ። ሥራዬ ማየት ነበር፤ እኔ ግን ስትስት ማየት አልቻልኩም። ጥርሴን ነክሼ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። "ሊዮታዬ፣ አይዞሽ" ልላት አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት።

ጥንንንንን!

ከጀርባችን የተነሣው ጩኸት ከአጥሩ ማዶ የሚግጡትን ፈረሶች አስበረገገ። ሊዮታ አልተነሣችም፤ ጉንጯን ጠመንጃው ላይ እንዳደረገች ቆየች። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፤ ከሆዷ ጀምሮ፣ ምንጣፉን አልፎ፣ ኮረብታው ድረስ። ደልመር ከሁሉ ቀድሞ ሮጦ መጥቶ እንደ እህል ጆንያ አንሥቶ ተሸከማት። "እርሾ!" እያለ ይጮሃል፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። "እህቴ እርሳስ ጋገረች! አሥራ ሁለት ነው! ሁላችሁም ስሙኝ፣ አሥራ ሁለት ነው!" ዓመቱን ሙሉ ሲሳለቅ እንዳልከረመ!

ክበቡ ቤት ውስጥ ምድጃው ላይ የጋለውን ብረት ጊልበርት አቀበሏት። ሊዮታ ብረቱን ይዛ ሳንቃው ፊት ቆመች፤ ያኔ እጇን አየነው። በነፋስ እንደተያዘ ቅጠል ነበር የሚርገፈገፈው።

"እዩት" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። "ደልመር አልዋሸም። ጣቴ ሰው ይፈራል። ዛሬም ፈርቼ ነበር፤ በየዓመቱ ፈርቻለሁ። ግን እየፈራሁም እመታ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ጊልበርት እጇን ሊይዙላት ፈለጉ፤ እምቢ አለች። ስሟን ብቻዋን ጻፈችው። የተጣመመ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ሸርተት ብላ ሄዳ የደልመርን ስም ነክታለች፤ ደልመር እስከ ዛሬ "ገፋችኝ" ይላል።

እራት ላይ ውርርዱ ተከፈለ። ሊዮታ ከካፖርት ኪሷ መረብ አውጥታ በደልመር ራስ ላይ አጠለቀች፣ ጺሙንም ሰብስባ ከተተችው። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከንቲባው ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ "እባክዎ ወይዘሮ ደልመር፣ ትንሽ ባቄላ ይጨምሩልኝ" ይለዋል። ደልመር ጭልፋውን እንደ ዱላ እያነሣ ያድላል።

እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ወደ እሷ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ።

"ለኔም መረብ ስጪኝ" አልኳት።

"አንተ ደግሞ መቼ ተወራረድክ?"

"አልተወራረድኩም። ግን በሆዴ ከደልመር ጋር ነበርኩ። ያን ሁሉ ዓመት። ዛሬም አምስተኛዋን ስትተኩሺ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ሊዮታ።"

አየችኝ። በረንዳ ላይ እንዳየችኝ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ሌላኛው ኪሷ ውስጥ እጇን ከተተችና ታጥቦ በሥነ ሥርዓት የታጠፈ ሁለተኛ መረብ አወጣች።

"ዐውቃለሁ" አለችኝ። "ለዚህ ነው ከቤት ሁለት ይዤ የመጣሁት። በል አሁን ጎንበስ በል፤ አልደርስብህም።"

ጎንበስ አልኩ።